ገንዳው ገና አልወጣም

ለእታለም፣ አዝላ ላሳደገችኝ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አድርጎሻል? እናታችንን ስታነሺና ስታስተኚ የቆረጠሽ ወገብ ትንሽ ሻል አለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም ብለሻል? እናታችንስ ሳሏ ቀነሰላት? አሁንም አንቺን በእኔ ስም ትጠራለች? እንደዚያ ስትልሽ ምን ያህል እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጥባ፣ አጉርሳ፣ ደግፋ የምትይዛት ሴት ልጇ ፊቷ ቆማ እያለች፣ በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ወንዱን መጥራቷ ግፍ ነው። እኔ እንዴት እንዳለሁ ከጠየቅሽኝ አለሁ። አለሁ ይባል የለ፣ እንደዚያ ነው።

ስልክሽን አታነሺም። ሃያ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። በሃያ ሦስተኛው የአክስታችን ልጅ አነሳውና፣ ልታናግርህ አትፈልግም፣ እባክህ ተዋት አለኝ። ሲጠብቁሽ የኖሩት መምህር ባለፈው ወር ማግባታቸውን የነገረኝም እሱ ነው። ሙሽራይቱን ታውቂያታለሽ አሉ፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ናት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበሩ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እንግዲህ መጻፍ እንጂ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ፊደሎቼ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ተልቀው ስታያቸው ግራ ይገባሽ ይሆናል። በወፍራም ማርከር ነው የምጽፈው፤ አንዱ ገጽ ከስምንት መስመር በላይ አይዝልኝም። ፖስታው ስለወፈረ ብር የላክሁልሽ እንዳይመስልሽ። ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስደርስ እነግርሻለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ገንዳው ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ስለዚያ ገንዳ ስነግርሽ ኖሬአለሁ፤ የመጀመሪያው እውነት ነበር፣ የኋለኛው ግን ውሸት ነው። ዛሬ የቱ ጋ እንዳበቃና የቱ ጋ እንደጀመረ ልለይልሽ።

ቤቱን የሸጡልን ባልና ሚስት ጡረታ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሲሄዱ ቤቱን እንደ ሳህን አጥበው ነው ያስረከቡን። ጓሮ ስንወጣ ግን ያ ጉድ ተጎልቶ ጠበቀን። ጃኩዚ ይሉታል። ስድስት ሰው ተቀምጦ በሙቅ ውሃ የሚዘፈዘፍበት፣ ዙሪያውን ቡናማ ጣውላ የለበሰ፣ ክዳኑ እንደ ፍራሽ የወፈረ ገንዳ ነው። ክዳኑን ስናነሳው አረንጓዴ ውሃ፤ ሽታው ባለቤቴን ሦስት እርምጃ ወደኋላ መለሳት። አጠገቡ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ «ለአዲሶቹ ባለቤቶች፣ በደስታ ተጠቀሙበት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለሰውየው ደወልኩና እባክዎ ዕቃዎን መጥተው ይውሰዱልኝ ብላቸው ሳቁብኝ። ስጦታ ነው አሉ። ማን ስጦታ ለመነዎት ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

እኔ ያንን ቤት የወደድኩት በጓሮው ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ይህን እንኳ እመኚኝ። ገንዳው የተቀመጠበት የሲሚንቶ ወለል ለእናታችን ክፍል የተሠራ ይመስል ነበር። አራት በሦስት፤ ቋሚውና ጣሪያው ከብረት፣ ግድግዳው በውስጥ ጣውላ የለበሰ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ስድስት እርምጃ። በዚያው ቀን ልነግርሽ ስደውልልሽ ነው አንቺ ስለ መምህሩ የነገርሽኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማው ግን ሌላ ሰው ያነሳው መሰለኝ። እናታችሁ የምታርፍበት ቦታ እስኪገኝ እጠብቃለሁ ብለውኛል አልሽ። ወዲያው ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜዬ አትሳቅብኝ አልሽኝ። አልሳቅኩብሽም። ሦስት ወር ስጪኝ አልኩሽ። ሦስት ወር ምን አላት ብለሽ አንቺው ሳቅሽ።

አሁን ሞኝነቴን ስሚ። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ አልጋ ይገጥማል፣ መጋረጃ ይሰቅላል። እኔ ብየዳ ጀመርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ለሌላው ሰው በርና አጥር ስበይድ ኖሬ፣ የራሴን ቤት ማጠር እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቂኝ። ከቤቱ ጎን ወደ ጓሮ የሚያስገባ አንድ መተላለፊያ አለ፤ ሌላው ዙሪያ የጎረቤት ግንብ ነው። ሌባ በዚያ ይገባል ብዬ ግራና ቀኝ ወፍራም የቱቦላሬ ብረት በሲሚንቶ ተከልኩ፣ መሃሉ ላይ የላሜራ በር ሰቀልኩ፣ ከላይ በፌሮ ፍርግርግ ከደንኩት። ሳምንት ሙሉ ምሳዬን ቆሜ ነው የበላሁት። ስጨርስ ባለቤቴን ጠርቼ፣ ከእንግዲህ ድመት እንኳ አይገባም አልኳት። እሷ በሩን አየች፣ ገንዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝና፣ እሱስ በየት ይወጣል? አለችኝ።

ለካ ገንዳው ሲመጣ በጎኑ ተጋድሞ በዚያው መተላለፊያ ነበር የገባው። አሁን በእኔ ቱቦላሬ ምክንያት ግማሽ ክንድ ያህል ጠበበ። እሑድ ስድስት የሥራ ጓደኞቼን ጠርቼ ተሸከምነው፤ በሩ ላይ ሲደርስ ተወሽቆ ቀረ፣ ወደኋላ ለመመለስም አንድ ሰዓት ፈጀብን። አለቃዬ ላቡን እየጠረገ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል፣ የበየድከውን ቆርጠህ ታወጣዋለህ፣ መልሰህ ትበይደዋለህ አለኝ። እኔ የበየድኩት አይቆረጥም አልኩት። አንቺ ጉረኛዬ ትዪኝ የለ? ስድስት ሰው ፊት እንደዚያ ካልኩ በኋላ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ይዤ በሩ ሥር መንበርከክ ሞት ሆነብኝ።

ስለዚህ በማስታወቂያ ለሚወስደው በነፃ ብዬ ለጠፍኩ። የመጣው ሰው ብዛት! አንዱ ዓሣ ላረባበት ነው አለ። አንዷ ሴትዮ አበባ ልትተክልበት ሜትር ይዛ መጣች። ሁሉም በሩን ሲለኩ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ አንዱማ ገንዳውን ትቶ እንደዚህ ያለ በር ሥራልኝ ብሎ ቀብድ ሰጠኝ። ይህን ሁሉ በስልክ ስነግርሽ ትስቂ ነበር። ለመምህሩም ትነግሪያቸዋለሽ፤ እሳቸውም ከወንበሩ አልነሳ አለ ብለው «ባለሥልጣኑ» የሚል ስም አወጡለት። በደወልሽ ቁጥር፣ ባለሥልጣኑ ወንበሩን ለቀቀ ወይ ብለው ጠይቀውሃል ትዪኝ ነበር። እስከዚህ ድረስ አንድም ውሸት የለበትም።

መሥራቱን ሳያይ ማን ይወስደዋል ብሎ መስመሩን እንዲያይ የጠራሁት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አጥቦ ሞላውና አበራው። ሠራ። ባለቤቴ ያን ቀን ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እግሯ አብጦ ነበር የመጣችው፤ ከነቀሚሷ ገባችበት። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ገባሁ። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል፤ አንቺ እናታችንን ውሃ በባልዲ እያመላለስሽ ስታጥቢ እኛ ከሥራ መልስ በሙቅ ውሃ እንዘፈዘፋለን። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያውን ማንም ሳያዘኝ አነሳሁት። ሦስት ወሯ ስድስት ሆነች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሃው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ባለቤቴ ታወራኛለች። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ መሃሉ የለም። ፀጉሯ አለ፣ ጆሮዋ አለ፤ አፍንጫዋና አፏ ያለበት ቦታ ግን ድፍን ያለ ጭጋግ ነው። እንፋሎቱ ነው ብዬ በእጄ አባረርኩት። ከገንዳው ወጥቼ ዓይኔን በፎጣ ጠረግኩ፣ ቤት ገባሁ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ዙሪያውን ያሉት ቁጥሮች ይታያሉ፣ መሃሉ ላይ ቆጣሪዎቹ የሉም። ውሃው ውስጥ የምንጨምረው መድኃኒት ነው ያቃጠለኝ አልኩ። ሌላ ምን ይመጣልኛል? ንዴቴ የት ይግባ! በማግስቱ ግራይንደሬን አንስቼ ያንን ገንዳ እንደ ጠላት ቆራረጥኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጣውላውን ገነጠልኩ፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ጓሮውን ሁሉ አለበሰው፣ ቁርጥራጩን በጆንያ እየሞላሁ በዚያው በሬ አወጣሁት። መጀመሪያውኑ እንደዚያ ማድረግ ይቻል ነበር። ማንም አላሰበውም፣ እኔም አላሰብኩትም።

ሰኞ አንቺ ደወልሽ። ባለሥልጣኑስ? አልሽኝ። ቆሜ የነበረው ባዶው ወለል ላይ ነው፤ እግሬ ሥር የተቆረጠ ቧንቧ ብቻ አለ። ገና አልወጣም አልኩሽ።

ውሸቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው እታለም። ዓይኔ እስኪድን ጊዜ ለማግኘት ብዬ ነበር፤ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ግን አልዳነም። ዶክተሯ መርምራኝ መድኃኒቱ ምንም አላደረገህም አለችኝ። የሚያነበውና ሰው የሚለየው የመሃለኛው የዓይን ክፍል ተጎድቷል፤ ከፊሉ ከስኳር በሽታዬ ነው፣ ከፊሉ ከብየዳው ብርሃን። አንዷን የብየዳ ነጥብ ለመያዝ ብዬ ስንቴ ያለ መሸፈኛ እንዳበራሁ ስትጠይቀኝ መቁጠር አቃተኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም እየቀነሰ ይሄዳል አለች። ልትሸኘን ስትል፣ ወደፊት የሚይዝህ ሰው አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። እህት አለችኝ አልኳት። ባለቤቴ እስከ ቤት ድረስ እጄን ሳትይዝ ቀድማኝ ሄደች፤ እኔም ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የእናታችንን ክፍል አልጀመርኩትም እንዳትዪ። አራቱን ማዕዘን አቁሜአለሁ። በልማድ፣ በድምፅ ነው የበየድኩት፤ እሳቱ ደህና ሲይዝ የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁና። በእጄ ስዳስሰው ያማረ መሰለኝ። ባለቤቴ የልብስ ገመድ ስታስርበት ማያያዣው ተላቆ እግሯ ሥር ወደቀ። አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ቤት ገባች። ብረቱ ከብረት ጋር አልተገናኘም፤ አጠገቡ ነበር ሳቀልጥ የዋልኩት። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፣ አባታችን ሲሞት እንኳ።

አሁን የምትጠይቂኝን አውቃለሁ። ሌላ በያጅ ጠፋ ወይ ትዪኛለሽ። አልጠፋም። አለቃዬ በሁለት ቀን ጨርሼ ላስረክብህ ብሎ ለምኖኛል። ቆይ አልኩት። በሌላ ጊዜ ጠየቀኝ፤ ቆይ አልኩት። ለራሴ ስነግረው የነበረው፣ የእናቴን ክፍል ሌላ ሰው አይበይድልኝም የሚል ነበር። ሲነገር ያምራል። እሱ ግን አልነበረም። እዚህ ላይ ስደርስ ማርከሩ ይከብደኛል፤ ትናንት ሁለት ገጽ ጽፌ ቀደድኩት።

ከዚያማ ውሸቱ በራሱ እግር ሄደ። ገንዳውን በግንቡ ላይ የሚያሻግረው ክሬን ያለው ሰው ታመመ አልኩሽ። የክሬኑ ሰው ሲድን ጎረቤት ግንቤን ትነካላችሁ ብሎ ከሰሰን አልኩሽ። ፎቶ ላክልኝ ስትዪኝ፣ ገንዳው ገና ሳይቆረጥ ባለቤቴ ያነሳችውን ላክሁልሽ። ከጎኑ ሁለቱን ጥንድ ነጠላ ጫማ አይተሽ፣ እናንተም ጀመራችሁ እንዴ ብለሽ ሳቅሽብኝ። ባዶ ጓሮ ውስጥ ተቀምጬ የሌለ ገንዳ እየጠበቅሁ ዓመት ከመንፈቅ አሳለፍኩ። አንቺ ደግሞ እዚያ ማዶ እናታችንን እያገላበጥሽ ትጠብቂያለሽ። እሳቸውም አንቺን ይጠብቃሉ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህሩ ሁለት ባልደረቦቻቸውን ይዘው፣ መሣሪያ ተከራይተው መጥተው ሊያወጡልኝ መነሳታቸውን ስትነግሪኝ፣ ባለቤቴ የሚተላለፍ በሽታ ይዟታል፣ ማንም እንዳይመጣ አልኩሽ። እሷ ያን ሰዓት ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሰምታኛለች። ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች፤ ለእህትህ ዓይንህን ነግረሃታል አይደል? አለችኝ። ነግሬአታለሁ አልኳት። እሷንም ዋሸኋት።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ ደብዳቤውን ብትቀጂው አልፈርድብሽም። የዛሬ አምስት ወር መምህሩ ራሳቸው ደወሉልኝ። በጣም በጨዋ ደንብ ነው ያናገሩኝ። ወንድሜ፣ እኔ መጠበቅ አይከብደኝም፣ እሷ ግን ደክማለች አሉኝ። ክፍሉ የማይሆን ከሆነ ችግር የለም፣ እናታችሁን እኔ ቤት ወስደን አብረን እንይዛቸዋለን፤ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አለኝ፣ ቀለም ቀብቼዋለሁ አሉኝ። አንተን ሳላማክር ለእሷ መንገር ነውር መስሎኝ ነው፣ ፈቃድህ ከሆነ ነገውኑ እነግራታለሁ አሉ። ቃል በቃል ይህ ነው እታለም። ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

እኔ ምን አልኩሽ? እሳቸውን እሺ ይንገሯት ብዬ፣ ሳይቀድሙኝ በዚያው ቀን ደወልኩልሽ። ሰውየው አሮጊቷን አንድ ቦታ ወርውራት አግቢኝ ነው የሚሉት፣ ለእኔ ደውለው ሸክም ናት አሉኝ አልኩሽ። እንደዚያ አሉ? አልሽኝ። አዎ አልኩሽ። በእናታችን ሞት ማልልኝ አልሽ። ማልኩልሽ። በማግስቱ ሊነግሩሽ ሲመጡ ከደጅ እንደመለስሻቸው፣ አንድ ቃል እንዳይናገሩ በሩን እንደዘጋሽባቸው ከአክስታችን ልጅ ሰማሁ። ሦስት ቀን ተመላልሰዋል አለኝ። አንቺ እናትሽን ለሰደበ ሰው በር እንደማትከፍቺ እኔ ነኝ ከማንም በላይ የማውቀው። አንቺን በደንብ በማወቄ ነው የጎዳሁሽ።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ታውቂዋለሽ፤ ካላወቅሽውም ቆይተሽ ይገባሻል። ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አላስብም ነበር። ፈራሁ። በዚህ ዓለም ላይ ጨለማን የመሰለ ነገር አለ እንዴ? አንድ ጊዜ ብቻ የሚጨልም ቢሆን ደህና ነበር፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወሰደ ነው የሚሄደው። ተስፋ ቆርጫለሁ እታለም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው የመስኮቱ ፍሬም ይታየኝ እንደሆነ ማየት ነው። ባለፈው ሳምንት በግራ በኩል ያለው ጠፋ።

ሥራ ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። አለቃዬ መጀመሪያ የብየዳ ኤሌክትሮድ በየመጠኑ አስለየኝ፤ በጣቴ እየዳሰስኩ ነበር የምለየው። በኋላ ደንበኛ ሲያየኝ ማዘን ጀመረ፣ እሱም ሰው ሁሉ እያለቀሰ ብረት አይገዛኝም ብሎ ቀልዶ ሸኘኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሄዳለች። የአክስታችን ልጅ ስለ መምህሩ ሲነግረኝ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፤ ቁጥሩን ስለማላይ እንደዚያ ነው የማወራው። አንተ ነግረሃት ነው እኮ ሰውየውን ያባረረቻቸው አለኝ። ሁሉንም ሰማችው። አልጮኸችብኝም። ልብሷን በሁለት ሻንጣ አድርጋ፣ የወጥ ቤቱን ዕቃ የት የት እንዳለ እጄን ይዛ አንድ በአንድ አስዳስሳኝ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። አልፈርድባትም። ደግሞም ዶክተሯ ፊት ያልኩትን አልረሳችልኝም።

ቤቱን እየሸጥን ነው። ባለፈው እሑድ ወጣት ባልና ሚስት መጥተው አዩት። በሩን በጣም ወደዱት። ጓሮ ሲደርሱ ሚስትየዋ አራቱን ቋሚ ብረቶች ነክታ፣ ይሄ ምንድን ነው? አለችኝ። ለእናቴ ክፍል ነበር አልኳት። ስትወጡ ታነሱልናላችሁ አይደል? አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው። እሺ አልኳት። ማን እንደሚያነሳው እንጃ። በዚህ ወር መጨረሻ ቁልፍ እናስረክባለን።

ለመምህሩ ልጽፍላቸው አስቤ ነበር። አሁን አግብተዋል፤ የሴትዮዋን ቤት ከመበጥበጥ በቀር ምን ይጠቅማል ብዬ ተውኩት። አንቺ ግን ስለ እሳቸው የያዝሽውን ቂም ከልብሽ አውጪው። ቀለም የቀቡትን ክፍል ለማንም አላሳዩትም ነበር፣ ለእኔ ነው መጀመሪያ የነገሩኝ። ጥሩ ሰው ነው የጠበቀሽ። ይህን ማወቅ ይብስ ያቃጥልሽ ይሆናል፤ ቢሆንም ያንቺ ነው፣ እኔ ዘንድ ሊቀር አይገባም።

ይቅርታ ልልሽ ነበር የተቀመጥኩት፤ ሦስት ቀን ፈልጌው ቃሉ እንዲህ ላለ ነገር አልበቃ አለኝ። ተናደጂብኝ፣ እርገሚኝ። ግን ዝም አትበዪኝ።

ሌላ ደግሞ፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ እናንተ የሚያስገባው መንገድ ድሮ ድንጋይና ጉድጓድ ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል? ከአጥር በሩ እስከ በረንዳው ስንት እርምጃ ይሆናል? ደረጃዎቹስ ሦስት ናቸው አራት? የመጨረሻዋ ከሌሎቹ ከፍ ትል ነበር መሰለኝ። ከእናታችን አልጋ ማዶ፣ በግድግዳው በኩል ያለችውን ትንሿን አልጋ አውጥተሻታል ወይስ አሁንም እዚያው ናት? መታጠቢያ ቤቱ በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወደ ውጭ? ለማወቅ ያህል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ለአክስታችን ልጅ ብትነግሪው እሱ ይነግረኛል።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ስሜን ከጠራች አለ በያት። አንቺንም ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ለወገብሽ ብርታት፣ ለእጆችሽ ጉልበት ይስጥልን፤ ዕድሜሽን ከእኔ ዕድሜ ያስበልጥልን።

አንቺው ያሳደግሽኝ
ታናሽ ወንድምሽ